ማሰሪያው የጠፋው ዓረፍተ ነገር

ሞላሌ መጥታችሁ "የእንግሊዙ ቤት የት ነው?" ብትሉ ቤቴን ያሳዩአችኋል። አባቴም አያቴም ገብስ ሲያርሱ የኖሩ የመንዝ ሰዎች ናቸው፤ እኔም ከደብረ ብርሃን ወዲያ ብዙ አልራቅሁም። ስሙ የወጣልኝ አምስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ስለማስተምር ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተማርኩ። በዚህ ሁሉ ዓመት ያስተማርኩት ረጅሙ ዓረፍተ ነገር "አበበ በሬውን ወደ ወንዝ ይወስዳል" የሚለው ነው። በእንግሊዝኛው አበበ ከፊት፣ ግሱ አጠገቡ፣ በሬው ከኋላ፣ ወንዙ መጨረሻ። ሁሉም በየቦታው የቆመ ጨዋ ዓረፍተ ነገር ነው። ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ውስብስብ ዓረፍተ ነገር የሚያትት አንድ ምዕራፍ ነበር፤ መምህራችን ለመጨረሻው ሳምንት አቆየው፣ ሳምንቱን ደግሞ ፈተና በላው። ሰው ግን ይህን አያውቅም። ሰው የሚያውቀው መምህሩ እንግሊዝኛ እንደሚችል ነው። እኔም አውቃለሁ ብዬ ባልፎክርም፣ አላውቅም ብዬ አላውቅም።

ያ ዝምታዬ ነው ጉድ ያፈላብኝ።

ጋሽ ማንደፍሮ ጎረቤቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን በበግ ንግድ የፈጁ፣ ስልሳን የተሻገሩ፣ ቀልድ የሚያውቁ ሰው ናቸው። አንገታቸው ሥር የዶሮ እንቁላል የምታክል እብጠት ነበረቻቸው። "እንቅርት ናት፣ እናቴም ነበራት" እያሉ አሥራ አንድ ዓመት ተሸከሟት። ባለፈው ጥቅምት የውጭ ሐኪሞች ደብረ ብርሃን መጥተው በነጻ ያክማሉ ተብሎ ሲወራ፣ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ እየጎተቱ ወሰዷቸው። ሐኪሞቹም እብጠቷን ቆርጠው አወጡላቸው። ጋሽ ማንደፍሮ አንገታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ፣ አንድ ፖስታ በኪሳቸው ይዘው ተመለሱ፤ በማግስቱም ባልና ሚስት ተያይዘው እኔ ቤት መጡ።

"ሐኪሞቹ ምን አሉ?" አልኳቸው።

"አስተርጓሚው ደህና ነዎት አለኝ። ለበሽተኛ ሌላ ምን ይባላል? እውነቱ ያለው እዚህ ውስጥ ነው" አሉና ፖስታውን ዘረጉልኝ።

የመጀመሪያዎቹ መስመሮች አላስቸገሩኝም። ስም፣ ዕድሜ፣ የተኙበት ቀን። ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ ጮክ ብዬ ተረጎምኩ። እትዬ አስካለ "አላልኩህም?" በሚል ዓይን ባላቸውን አዩ። አራተኛው መስመር ላይ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ጀመረ፤ ጀምሮ አልጨርስ አለ። አምስተኛውን መስመር አለፈ፣ ስድስተኛውን አለፈ፣ ሰባተኛው መካከል ላይ ደርሶ ነው አራት ነጥቡን ያገኘው። እኔ መሃሉ ላይ ጭጋግ እንደወረደበት መንገደኛ ቆምኩ። ፊቱም አይታይ፣ ኋላውም አይታይ።

ጫፉ ላይ ግን የማውቃቸው ቃላት ነበሩ። "ኪል" ይላል፤ መግደል ነው። "ሂም" ይላል፤ እሱን ማለት ነው። "ይር" ይላል፤ ዓመት ነው። ምንም ያልገባው ሰው ተኝቶ ያድራል፤ መከራው ግማሽ የገባው ሰው ነው።

"እሺ፣ ምን ይላል?" አሉ ጋሽ ማንደፍሮ።

"ጥሩ ነው" አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። "እዚህ ጋ ትንሽ ጠለቅ ያለ እንግሊዝኛ ስላለ፣ እኔ ዘንድ ይቆይና በረጋ መንፈስ ልየው።"

ጋሽ ማንደፍሮ ወረቀቱን ሳይሆን ፊቴን ነበር የሚያዩት። ፊደል አልቆጠሩም፤ ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ገበያ ላይ የሻጭና የገዢ ፊት ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ትተውልኝ ወጡ።

እንደወጡ ዓረፍተ ነገሩን በሌላ ወረቀት ገለበጥኩትና ለተማሪዎቼ የምሰጠውን ምክር ለራሴ ሰጠሁ፤ ግሶቹን በቀይ አስምር። አሰመርኩ። ስጨርስ ወረቀቱ በግ የታረደበት መሰለ። ባለቤቴ ብርቱካን በትከሻዬ ላይ አየችና፣

"ለአንድ ሰው ይህ ሁሉ ግስ ምን ያደርግለታል?" አለች።

የእንግሊዝኛ ነገር እንዲህ ነው። እኛ ግሱን መጨረሻ ላይ እናደርገዋለን፤ ተናጋሪው ነገሩን ሁሉ ይዘረዝርና በጫፉ ይቋጨዋል፣ ሰሚውም ጫፉን ይጠብቃል። ይህ ዓረፍተ ነገር ግን ባለቤቱን ጠራውና፣ ግሱ ገና ሳይመጣ "ዊች" የምትባል ቃል ገባች። እሷ ስለ ባለቤቱ ወሬ ጀመረች። ወሬዋን ሳትቋጭ "ሁ" የምትባል ሌላ ቃል ገብታ ስለተወራው ሰው ሌላ ወሬ አመጣች። ለቅሶ ቤት ጥግ ይዘው እንደተቀመጡ ወሬኞች አንዷ የሌላዋን አፍ እየነጠቀች ስታወራ ምስኪኑ ባለቤት በር ላይ ቆሞ ግሱን ይጠብቃል። "ኖት" የምትለዋ ደግሞ መሃል ላይ ብቻዋን ቆማለች፤ የማን እንደሆነች የሚያውቅ የለም።

ከሁሉ የከፋው መነሻው ነው። ዓረፍተ ነገሩ የሚጀምረው "ሃድ" በሚል ቃል ነው። እኔ ልጆቹን የማስተምረው "ሃድ ከፊት ከመጣ ጥያቄ ነው" ብዬ ነው። ስለዚህ የጥያቄ ምልክት ፈለግሁ። የለም። ሐኪም ሥራ ስለሚበዛበት ረስቶት ይሆናል አልኩ። ቀጥሎ ሐኪሙ ማንን እንደሚጠይቅ አሰብኩ። አንባቢውን ነው እንዳልል አንባቢው እኔ ነኝ።

ስልኬ ላይ የሚተረጉም ነገር አለ። ኔትወርክ እኛ ሰፈር ስለማይገባ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ወጣሁና፣ ነፋሱ ጋቢዬን ራሴ ላይ እየገለበጠብኝ ዓረፍተ ነገሩን አንድ በአንድ ጻፍኩት። ስልኩ ብዙ አስቦ "ነበረው እብጠቱ የትኛው አቶ ማንደፍሮ ማን ይላል" ብሎ ጀመረና "በዓመቱ ውስጥ ገድሎታል" ብሎ ጨረሰ። ቁልቁል ሳይ ጋሽ ማንደፍሮ ግቢያቸው ውስጥ ቆመው ለቦራው ፈረሳቸው ገብስ ይሰጣሉ። ስልኩና እኔ በሌላው ሁሉ ብንለያይም፣ ግድያ መኖሩ ላይ ተስማማን።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ሲስተሯን ላሳያት አሰብኩ። ሦስት ጊዜ በበሩ አለፍኩ። "እንግሊዙ እንግሊዝኛ ሊያስተረጉም መጣ" የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ቤቴ ሲደርስ ታየኝ። በአራተኛው ጨክኜ ገባሁ፤ ሲስተሯ ለሥልጠና ሄዳለች፣ ሁለት ሳምንት ትቆያለች አሉኝ። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። በር ላይ ስደርስ በደስታዬ አፈርኩ።

በገበያ ቀን እትዬ አስካለ ጨው ሲገዙ አገኙኝ። ልሸሽ ስል ፊት ለፊቴ ቆሙ።

"መምህር፣ አምስት ቀን ሆነህ። ምን ይላል?"

"እትዬ፣ ሁሉም በእግዚአብሔር እጅ ነው" አልኩ።

ይህን ያልኩት ጊዜ ለመግዛት ነበር። ነገር ግን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በእኛ አገር ስለ በሽተኛ ተጠይቆ እግዚአብሔርን የጠራ ሰው ሌላ ነገር መናገር አያስፈልገውም። እትዬ አስካለ የያዙትን ጨው ቀስ አድርገው መልሰው አስቀመጡት።

"ስንት ጊዜ ሰጡት?"

"ዓመት የሚል ነገር አይቻለሁ፤ ግን እኮ ዓረፍተ ነገሩ ገና..."

"ይበቃል" አሉኝ። "ለሱ እንዳትነግረው።"

ለጋሽ ማንደፍሮ ማንም አልነገራቸውም። ለሌላው ሰው ሁሉ ግን ተነገረ። ሰላምታ የማይሰጧቸው ሰዎች እንቁላል ይዘው መምጣት ጀመሩ። መጥተውም ዝቅ ብለው ይቀመጡና ስለ ዝናብ ያወራሉ፤ ዝናብ ደግሞ በዚያ ሰሞን አልነበረም። በሳምንቱ ጋሽ ማንደፍሮ ከትምህርት ቤት ስወጣ መንገድ ላይ ጠበቁኝ።

"መምህር፣ አስካለ ቅቤ ጨምራልኛለች" አሉ።

"ጥሩ ነው፣ ጋሼ። ለቁስሉም ይጠቅማል።"

"ሠላሳ ሁለት ዓመት አብረን ኖርን። ጨምሪ ብዬ ለምኜ እንኳ ጨምራልኝ አታውቅም። አሁን ሳልለምናት ትጨምራለች። ስንት ጊዜ ነው የቀረኝ?"

"ጋሼ፣ ይመኑኝ፣ እኔ ገና አልጨረስኩትም።"

"ዓረፍተ ነገሩን ነው እኔን?" አሉኝ።

ሊስቁ የፈለጉ መሰለኝ፤ ግን አልሳቁም። ያኔ ነበር "ጋሼ፣ አልገባኝም" ማለት የነበረብኝ። ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ሁለት ተማሪዎቼ በአጠገባችን ሲያልፉ "ጉድ አፍተርኑን ቲቸር" አሉኝና ቃሉ ተመልሶ ወረደ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከእጄ ወጣ። እትዬ አስካለ ሽፈራው የሚባል ወንድም አላቸው። ሽፈራውና ጋሽ ማንደፍሮ እርሻቸው ይዋሰናል፤ በአንድ የድንበር ድንጋይ ምክንያት ስምንት ዓመት አይነጋገሩም። ሽፈራው "ድንጋዩ ተንቀሳቅሷል" ይላል፤ ጋሽ ማንደፍሮ "ድንጋይ እግር የለውም" ይላሉ። ሽማግሌ ተቀምጦበታል፣ ተምሎበታል። እትዬ አስካለ በበዓል የወንድማቸውን ቤት የሚረግጡት ብቻቸውን ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ማንደፍሮ ቦራውን ፈረሳቸውን ከነኮርቻው እየሳቡ ሽፈራው ደጅ ሄደው ቆሙ። እኔ አልነበርኩም፤ የሰማሁት ግን ከራሱ ከሽፈራው ነው። "ድንጋዩን ያንቀሳቀስኩት እኔ ነኝ" አሉት። "ስድስት እርምጃ። በሐሰትም ምያለሁ። ፈረሱ ካሳ ይሁንህ፤ ልሞት ነውና ይቅር በለኝ።" ሽፈራው ለስምንት ዓመት ያዘጋጀው ስድብ ነበረው፤ አንዱም አልመጣለትም። ተቃቅፈው ተላቀሱ። ከዚያም ሁለቱ ተጋግዘው ድንጋዩን ወደ ቦታው መለሱት።

ይህን ስሰማ እጄ ላይ የነበረው ጠመኔ ወደቀ። ሰውየው በእኔ ትርጉም ላይ ተመሥርቶ ፈረሱን ሰጥቷል፣ ስሙን ሰጥቷል፣ ቁስሉ ሳይደርቅ ድንጋይ ተሸክሟል። እኔ ደግሞ "ኖት" የማን እንደሆነች እንኳ አላውቅም። ክፍል ውስጥ አበበ በሬውን ወደ ወንዝ ሲወስድ እንኳ በሬው ውሃ ውስጥ የሚገባብኝ ይመስለኝ ጀመር።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ቅዳሜ እትዬ አስካለ መልእክት ላኩብኝ። "ነገ ከቅዳሴ በኋላ ኑዛዜ ስለሚናገር፣ ጽሕፈትህም ጥሩ ስለሆነ፣ ነገሩንም የምታውቀው አንተ ስለሆንክ፣ መጥተህ ጻፍልን" ይላል መልእክቱ። ቤት ያቃጠለ ሰው ውሃ እንዲያቀብል የተጠራ ይመስል ሄድኩ።

ቤቱ ውስጥ ጋሽ ማንደፍሮ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ሽፈራው ከጎናቸው አለ፤ ፈረሱ ውጭ ታስሯል። ለምስክርነት የተጠሩት የኔታ ጥበቡ ነበሩ፤ የቅኔ መምህር ናቸው፣ ግማሹ የአካባቢው ካህን እሳቸው እግር ሥር የተማረ ነው። እኔ ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ "እኔ አቶ ማንደፍሮ" ብዬ ጀመርኩ። ሳላስበው "እኔ" የምትለዋ ሁለት ጊዜ ተጻፈች።

የኔታ ጽሕፈቴን አዩ። "ቆይ" አሉ። "ለመሆኑ ይሞታል ያለው ማን ነው?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

"ደብዳቤው ነው፣ የኔታ" አልኩ።

"ይዘኸዋል? አንብበው።"

"እንግሊዝኛ እኮ ነው።"

"ቋንቋውን አልጠየቅሁህም። ማሰሪያው የቱ ነው?"

ማሰሪያ ቅኔ ቤት ውስጥ ዓረፍተ ነገሩን የሚቋጨው ዋናው ግስ ነው። ጠፍቶ የከረመውም እሱ ነበር። "ገደለው የሚለው ይመስለኛል" አልኩ።

"ባለቤቱስ? ገዳዩ ማን ነው?"

"እብጠቱ።"

"እብጠቱ የት አለ?"

ሁላችንም የጋሽ ማንደፍሮን አንገት አየን።

"ተቆርጦ ወጥቷል፣ የኔታ።"

"ታዲያ የሌለ ባለቤት እንዴት አድርጎ ይገድላል? ወይ ፈረንጁ ተሳስቷል፣ ወይ አንተ ተሳስተሃል።"

እትዬ አስካለ ከተቀመጡበት ተነሡ። ሽፈራው አፉን ከፈተ። እኔ አሁን ወይ መሞት ወይ መናገር እንዳለብኝ ገባኝ።

"አልገባኝም" አልኩ። "ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልገባኝም። ይህ ዓረፍተ ነገር ከእኔ በላይ ነው።"

የኔታ፣ እንደዚህ ያለ ቃል ከተማሪ ሲሰሙ የኖሩ ናቸውና፣ ምንም አልመሰላቸውም። "ደግ" አሉ። "አሁን መማር ጀመርክ። ቃሉን አንድ በአንድ ፍታልኝ።" የማውቀውን ያህል ፈታሁላቸው። "መሃል የገቡትን ቅጽሎች አሁን ተዋቸው። አሥራ አንድ ዓመት ተሸከማት፣ እንቅርት ናት ብሎ አሰበ፣ ያ ሁሉ የእብጠቷ ጌጥ ነው። ጌጧን አውልቀህ ባዶዋን አሳየኝ።"

"ዊች"ን ከነወሬዋ፣ "ሁ"ን ከነወሬዋ አስወጣኋቸው። የቀረው እፍኝ የማይሞላ ነበር።

"ሃድ፣ እብጠቱ፣ አይደለም፣ የወጣ" አልኩ። "ከዚያ፣ ገድሎት፣ ዓመቱ ሳይወጣ።"

"ሃድ ምንድን ነው?"

"ጥያቄ ነው። ግን ምልክት የለውም።"

"ማንን ይጠይቃል? ቆርጦ ያወጣው ራሱ አይደለም እንዴ? ሌላ ፍቺ የለውም?"

"ኃላፊ ጊዜ ያመለክታል። ነበረ እንደማለት።"

"አይደለም የሚለው አሉታስ በማን ላይ ነው የወደቀ?"

"በወጣው ላይ።" ጣቴን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ። "አልወጣ... ነበረ። ሳይወጣ... ነበረ።" ቃሉ አፌ ውስጥ ሲገላበጥ ተሰማኝ። "ባይወጣ ኖሮ" አልኩ።

"እህ" አሉ የኔታ። "እኛ ኖሮን ከኋላ እናስከትላለን፤ እነሱ ከፊት አስቀድመውታል። ይህ ዐቢይ አገባብ ነው፤ የወደቀበትን ግስ አንጠልጥሎ ያስቀረዋል እንጂ አያሳስረውም። በል አሁን አንድ ላይ ግጠመው።"

ገጠምኩት። "አቶ ማንደፍሮ አሥራ አንድ ዓመት የተሸከሙትና ጉዳት የለውም ብለው ያሰቡት እብጠት በጊዜው ባይወጣ ኖሮ፣ ዓመቱ ሳይወጣ ይገድላቸው ነበር።"

ከአራት ነጥቡ ቀጥሎ፣ እዚያው መስመር ላይ፣ አንዲት ትንሽ ዓረፍተ ነገር ተቀምጣለች። ሦስት ቃል ናት። ማንኛውም የአምስተኛ ክፍል ተማሪዬ ይተረጉማታል። ያን ሁሉ ቀን እሷ ጋ አልደረስኩም። "አሁን ደህና ነው" ትላለች።

ጋሽ ማንደፍሮ አንገታቸውን ዳሰሱ። "እና አልሞትም?"

"አይሞቱም። ማለቴ፣ በዚህ አይሞቱም።"

ደስታ ሲጠብቅ የነበረ ሰው ካለ አላገኘም። ጋሽ ማንደፍሮ ወደ የኔታ ዞሩና፣ "ድንጋዩስ?" አሉ።

"ድንጋዩ ቦታው ገብቷል" አሉ የኔታ። "ንስሐ ለሚሞት ብቻ ነው ያለህ ማን ነው?"

ሽፈራው ጉሮሮውን ጠረገ። "ጋሼ፣ ፈረሱን ልመልስልህ።"

ጋሽ ማንደፍሮ በበሩ በኩል ፈረሱን አዩት። ፈረሱም አያቸው። የጣቶቻቸው ጫፍ ሲንቀሳቀስ አየሁ። "አንዴ ሰጥቻለሁ" አሉ። ትንሽ ቆዩና፣ "ገበያ ስሄድ ግን ታውሰኛለህ" አሉ።

ተነሥቼ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። "መምህር፣ ደህና አድርገህ ብታነበው ኖሮ ያንን ድንጋይ ይዤው መቃብር እገባ ነበር" አሉ። "ከእንግዲህ ግን ደብዳቤዬን አታንብብልኝ።"

ስወጣ እትዬ አስካለ ተከትለውኝ መጡ። ግቢው በር ላይ ከጋቢያቸው ሥር የተጠቀለለ ነጭ አቡጀዲ አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት። አዲስ ነው፤ እጥፋቱ ገና አልተፈታም።

"ምንድን ነው፣ እትዬ?"

"መግነዝ ነው። ዓመት ስትለኝ ዋጋው ሳይጨምር ብዬ ገዛሁት። አሁን እኔ ቤት አያድርም። ያስገዛኸኝ አንተ ነህ፤ አንተ ውሰደው።"

በሩን ዘጉት።

ጨርቁ አሁን እኔ ቤት፣ ሣጥን ውስጥ ነው። ልጥለው ኃጢአት ይመስለኛል፣ ለሰው ልስጠው ብል ምን ብዬ እንደምሰጥ አላውቅም፣ ሣጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ደግሞ ልቤ ይመታል። ባለፈው እሑድ ብርቱካን አውጥታ ዘረጋችው፤ መስኮቱ ላይ ለክታ ለመጋረጃ ልክ ነው አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና ከእግሬ እስከ ራሴ በዓይኗ ለካችኝ።

"ላንተ ግን ያጥርሃል" አለች።